የቡና ላኪ ሠራተኛ እንግሊዝኛ፦ ከኦፈር እስከ ባንክ ሰነድ

ቡና ወደ ውጭ የሚልክ ድርጅት ውስጥ ሥራ የሚጀምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ ደረጃንም ዩኒቨርሲቲንም በእንግሊዝኛ የተማረ ነው። ሰዋስው አያንሰውም። የሚያደናቅፉት «ሰብጀክት ቱ»፣ «አባውት»፣ «ኮንፈርምድ» የመሳሰሉ ተራ የሚመስሉ ቃላት ናቸው። እነዚህ ቃላት ውል ወይም ኤልሲ (የገዢው ባንክ ሰነድ አይቶ ሊከፍል የሚገባው ግዴታ) ላይ ሲሰፍሩ የአንድ ኮንቴነር ቡና ክፍያ ሊያስለቅቁ ወይም ሊያስይዙ እንደሚችሉ ክፍል ውስጥ የነገረው የለም። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው እንግሊዝኛ ሰፊ አይደለም፤ ጥብቅ ነው። አነጋገሩ ያላማረ ሠራተኛ ሥራውን በሚገባ ሊሠራ ይችላል። «ባይ»ን ከ«ቢፎር» የማይለይ ግን ድርጅቱን ዕዳ ውስጥ ይከታል።

ከዚህ በታች የምንከተለው አንድ ሽያጭ ነው፦ እያንዳንዱ 60 ኪሎ የሚመዝን 320 ጆንያ፣ ማለትም 19,200 ኪሎ የታጠበ ይርጋጨፌ፣ በአንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር፣ ኤፍኦቢ ጅቡቲ (ሻጩ ጅቡቲ መርከብ ላይ ጭኖ የሚያስረክብበት)፣ ክፍያው በኤልሲ። ሰሊጥ ወይም ቦሎቄ የሚልክም አብዛኛውን እንዳለ ሊጠቀምበት ይችላል።

መማሪያው መደርደሪያችሁ ላይ ነው

የንግድ እንግሊዝኛ መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት ከቢሮው መደርደሪያ ሦስት ነገር አውጡ፦ ተፈርሞ ያለቀ ኮንትራት፣ ከባንክ የመጣ ኤልሲ እና የአንድ ሽያጭ ሙሉ የኢሜይል ልውውጥ። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ገጽ ብቻ አንብቡ። እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ላይ ቆም ብላችሁ «ይህ ማንን ያስገድዳል? እስከ መቼ? ባይፈጸምስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሦስቱን በአማርኛ መመለስ ካቃታችሁ፣ ቃላቱን ሁሉ ብታውቋቸውም ዐረፍተ ነገሩ አልገባችሁም። አዲስ ቃል ስታገኙ ከነዐረፍተ ነገሩ ደብተር ላይ ገልብጡት፤ ለብቻው የተጻፈ ቃል ሥራ ላይ ሲፈለግ አይመጣም። ሁለት መቶ ያህል ቃላት በዚህ መንገድ የያዘ ሰው የዕለት ሥራው ብዙ አያስጨንቀውም።

በአውሮፓው የቋንቋ ደረጃ አከፋፈል ቢ1 ላይ ያለ ሰው ሰነድና ጭነት መከታተል ይችላል። ዋጋ ለመደራደርና ቅሬታ ለመመለስ ቢ2 ይፈልጋል። ከዚያ በላይ እስክትደርሱ ሥራውን አታቆዩት።

ኦፈር

ኦፈር የሽያጭ ዋጋ ማቅረብ ነው። ገዢ «ካን ዩ ኦፈር?» ብሎ ሲጽፍ የምትመልሱለት ከሁለት አንዱን ነው። «ኢንዲኬሽን» ካላችሁት ገበያው እዚህ አካባቢ ነው ማለታችሁ ነው፤ አያስራችሁም። «ፈርም ኦፈር» ካላችሁት ግን በሰጣችሁት ጊዜ ውስጥ «አክሰፕትድ» ብሎ ከመለሰ ሽያጩ አለቀ። ስለዚህ ፈርም ኦፈር ማብቂያ ይኑረው፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ሰዓቱም የየትኛው አገር እንደሆነ። ያንኑ ቡና ለሁለት ገዢ ያቀረባችሁ እንደሆነ «ሰብጀክት አንሶልድ» ጨምሩበት፤ እስከዚያ ካልተሸጠ ማለት ነው። የሥራ አስኪያጁ ውሳኔ የሚጠበቅ ከሆነ «ሰብጀክት ቱ አወር ፋይናል ኮንፈርሜሽን» በሉ። እነዚህን ሐረጎች ኦፈሩ ከሄደ በኋላ ማስገባት አይቻልም።

ገዢው ዋጋውን ቀንሶ ከመለሰ «ካውንተር ኦፈር» አቀረበ ማለት ነው፤ የእናንተ የመጀመሪያ ኦፈር በዚያው ይወድቃል። በማግስቱ ገበያው ሲወጣ ተመልሶ «የትናንቱን ተቀብያለሁ» ቢል የመሸጥ ግዴታ የለባችሁም። በትሕትና «አወር ኦፈር ላፕስድ»፣ ኦፈራችን ቀርቷል፣ ብላችሁ አዲስ ዋጋ መስጠት መብታችሁ ነው። ይህን ሕግ የማያውቅ ሻጭ ተገዶ የሸጠ መስሎት ይከስራል።

ከሁሉ የሚበልጠው አደጋ «ኦኬ» ነው። በአማርኛ «እሺ» ስንል ሰምቻለሁም፣ ላስብበትም፣ ተስማምቻለሁም ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው በድምፁ ነው። ኢሜይልና ዋትስአፕ ድምፅ የላቸውም። ገዢው «ሦስት ሴንት ቀንሱልኝ» ብሎ ሲጽፍ «ኦኬ» ካላችሁ ዋጋውን ተቀብላችኋል። መልእክቱ መድረሱን ለመግለጽ ብቻ «ኖትድ፣ ዊ ዊል ሪፕላይ ባይ 4 ፒኤም አዲስ አበባ ታይም» በሉ። ስትስማሙ ደግሞ «ዊ ኮንፈርም» ብላችሁ ብዛቱን፣ ደረጃውን፣ ዋጋውንና የጭነት ወሩን በአንድ መልእክት ድገሙ። ዋትስአፕ ላይ ያለቀ ነገር በዚያው ቀን በኢሜይል ይደገም።

ናሙናና ቅምሻ

«ፕሪሺፕመንት ሳምፕል»፣ በአጭሩ ፒኤስኤስ፣ ከሚጫነው ቡና ላይ ራሱ የሚወሰድ ናሙና ነው። «ኦፈር ሳምፕል» ለሽያጭ ማቅረቢያ የሚላከው ሲሆን፣ «ታይፕ ሳምፕል» ደግሞ ድርጅቱ በተለምዶ የሚያቀርበውን ጥራት የሚያሳይ ነው። ፓኬቱ ላይ የትኛው እንደሆነ ካልተጻፈ ገዢው ታይፑን እንደ ፒኤስኤስ ቆጥሮ ሊያጸድቀው ይችላል፤ ቡናው ሲደርስ ጠብ ይነሣል።

ኮንትራት ላይ «ሰብጀክት ቱ አፕሩቫል ኦፍ ሳምፕል» የሚለውን ስታዩ ቀጥሎ ያለውን ፈልጉ። «ኖ አፕሩቫል፣ ኖ ሴል» ካለ ገዢው ናሙናውን ካልወደደው ሽያጩ ይቀራል፤ ማንም ለማንም ዕዳ የለበትም። «ሪፒት» ካለ ሌላ ናሙና ይቀርባል። ከሁለቱ አንዱም ካልተጻፈ ከመፈረማችሁ በፊት ስንት ጊዜ ናሙና እንደሚቀርብና ገዢው በስንት ቀን መልስ እንደሚሰጥ አስጽፉ።

የቅምሻ ቃላትን ከድርጅቱ ቀማሽ አጠገብ ተቀምጦ መማር ይሻላል፤ ቃሉን ከጣዕሙ ጋር ያገናኘ ሰው አይረሳውም። «ክሊን ከፕ» ሲኒው ላይ እንከን የለም ማለት እንጂ ስለ ጆንያው ንጽሕና የሚናገር አይደለም። «ፍሎራል»፣ «ጃስሚን»፣ «ሲትረስ» ለታጠበ ይርጋጨፌ ምስጋና ናቸው። «ፍሩቲ» ግን እንደ ቡናው ነው። በፀሐይ የደረቀ ቡና ላይ ምስጋና ሲሆን፣ የታጠበ ቡና ላይ አንዳንድ ጊዜ «ፈርመንትድ» (ከልክ በላይ የቦካ) ላለማለት የተመረጠ ለስላሳ አነጋገር ነው። ከተጠራጠራችሁ «ኢዝ ዳት ኤ ፖዚቲቭ ኖት ኦር ኤ ዲፌክት?» ብላችሁ ጠይቁ። «ባጊ» ጆንያ ጆንያ የሚል፣ «ፊኖሊክ» መድኃኒት መድኃኒት የሚል፣ «ፓስት ክሮፕ» ደግሞ ያለፈ ዓመት ምርት ጣዕም ነው። የመጨረሻው ሲጻፍላችሁ አዲስ ምርት ብላችሁ የሸጣችሁት ላይ አሮጌ ተቀላቅሏል የሚል ክስ ስለሚሆን በዝምታ አትለፉት።

ዋጋና ቁጥር

የአረቢካ ዋጋ የሚነገረው ለአንድ ፓውንድ በአሜሪካ ሴንት ነው። «አውትራይት» ያለቀ ዋጋ ነው፤ 320 ሴንት ከተባለ 320 ነው። «ዲፈረንሻል» ደግሞ ከኒውዮርክ ገበያ ዋጋ ጋር የተያያዘ ልዩነት ነው። «ፕላስ 40 አጌንስት ዲሴምበር» ማለት የኒውዮርኩ የዲሴምበር ዋጋ በሚቆረጥበት ቀን ላይ 40 ሴንት ይጨመራል ማለት ነው። ፕላስና ማይነስን በስልክ ብቻ አትቀበሉ፤ በፊደል አስጽፉ።

ስሌቱን እጃችሁ ይልመደው። አንድ ሜትሪክ ቶን 2,204.62 ፓውንድ ነው። 19,200 ኪሎ 42,328.70 ፓውንድ ይሆናል። በ320 ሴንት ሲባዛ 135,451.84 ዶላር ይመጣል። ኢንቮይስ ላይ በኪሎና በፓውንድ መካከል የሚሠራ የማዞር ስህተት ሁለት ሦስት ዶላር እንኳ ቢሆን ገንዘቡን ከኤልሲው በላይ ካደረገው ባንክ ጥያቄ ያነሣበታል።

«ቶን» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ። የአሜሪካው ቶን 907 ኪሎ፣ የቀድሞው የእንግሊዝ ቶን 1,016 ኪሎ ነው። «ሜትሪክ ቶን» ወይም ኤምቲ በሉ። ፈረሱላና ኩንታል አገር ውስጥ ይቅሩ። ነጥብና ሰረዝ ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጀርመናዊ ገዢ አሥራ ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶን «19.200,00» ብሎ ይጽፋል፤ እኛ ነጥቡን አይተን አሥራ ዘጠኝ ከምናምን ልንለው እንችላለን። ዋጋና ክብደት በቁጥርም በፊደልም ሲጻፍ ይህ ችግር ይጠፋል።

ኢንኮተርምስን፣ ማለትም የዓለም አቀፍ ንግድ የማስረከቢያ ደንቦችን፣ ስትጽፉ ሦስት ነገር አብሮ ይሂድ፦ ደንቡ፣ ቦታው፣ ዓመቱ። «ኤፍኦቢ ጅቡቲ፣ ኢንኮተርምስ 2020» ሙሉ ነው፤ «ኤፍኦቢ» ብቻውን ግማሽ ነው። በኤፍኦቢ አደጋው ወደ ገዢው የሚተላለፈው ቡናው ጅቡቲ መርከብ ላይ ሲጫን ነው። ስለዚህ መኪናው ከአዲስ አበባ ወጥቶ ሳለ «ዊ ሃቭ ሺፕድ» ብላችሁ አትጻፉ። ገዢው መርከብ ላይ ተጫነ ብሎ ይረዳል፣ ለደንበኛው ቀን ይሰጣል፣ ኋላ ውሸታም የምትባሉት እናንተ ናችሁ። «ዘ ትራክ ሌፍት አዲስ አበባ ኦን 3 ማርች» ትክክል ነው። «ሺፕድ» የሚባለው ቢል ኦፍ ሌዲንግ (የመርከብ ድርጅቱ የሚሰጠው የጭነት ሰነድ) ላይ የመርከብ ጭነት ቀን ከሰፈረ በኋላ ነው።

ውል

ኮንትራት ላይ ግሦቹን ተከተሉ። «ሻል» ግዴታ ነው። «ሜይ» መብት ነው፤ ያ ወገን ቢፈልግ ያደርጋል፣ ባይፈልግ ይተዋል። «ዘ ባየር ሜይ ካንስል» የሚል መስመር ካያችሁ በምን ሁኔታ የሚል ሐረግ መከተሉን ተመልከቱ፤ ካልተከተለ ገዢው በፈለገው ቀን መውጫ በር አለው። «አንለስ» ሲመጣ ከእሱ በኋላ ያለው ከፊቱ ያለውን ይሽረዋል። «ኖትዊዝስታንዲንግ» ያለበት አንቀጽ ከሌሎቹ ጋር ከተጋጨ የሚጸናው እሱ ነው።

አጭር ኮንትራት አጭር ነው ብላችሁ አትዘናጉ። «አዘር ኮንዲሽንስ አዝ ፐር ኢኤስሲሲ» የሚል አንድ መስመር የአውሮፓን መደበኛ የቡና ውል በሙሉ ያመጣል፤ «ጂሲኤ» ከሆነ የአሜሪካውን። የክብደት ጉድለት፣ የቅሬታ ጊዜ፣ የግልግል ቦታ ሁሉ እዚያ ነው ያለው። ሙሉ ጽሑፉ ቢሮ ውስጥ ታትሞ ይቀመጥ።

ወደ አውሮፓ የሚሸጡ ኮንትራቶች ላይ ስለ ደን ጭፍጨፋ የሚናገሩ አዳዲስ ቃላት ገብተዋል። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 2023/1115 ቡናው ከ31 ዲሴምበር 2020 በኋላ ደኑ ከተመነጠረ መሬት እንዳይመጣ ይከለክላል። «ፕሎት» የገበሬው ማሳ ነው። «ጂኦሎኬሽን» ቢያንስ ስድስት አሃዝ ከነጥብ በኋላ ያለው የመገኛ ቁጥር ሲሆን፣ ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነ ማሳ ዙሪያውን የሚያሳይ «ፖሊጎን» ይጠየቃል። ገዢው «ትሬስብል» ሲል የወረዳውን ስም መንገር አይበቃውም፤ ማሳ ድረስ የሚወርድ መረጃ ነው የሚፈልገው።

ኤልሲ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ፤ እንግሊዝኛ በቀጥታ ገንዘብ የሚሆነው እዚህ ነው። ባንክ ቡና አያይም፣ ወረቀት ያያል። ዩሲፒ 600 የተባለው ከጁላይ 2007 ጀምሮ የሚሠራበት የዓለም ንግድ ምክር ቤት ደንብ ይህንኑ ይላል። ሰነዱ ከኤልሲው ቃል ጋር ካልገጠመ ቡናው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ባንኩ አልከፍልም ማለት ይችላል።

ኤልሲው በደረሰ ቀን፣ ቡናው ከመጋዘን ሳይነቃነቅ፣ ኮንትራቱን አጠገቡ አድርጋችሁ መስመር በመስመር አነጻጽሩ። ባንኮች ኤልሲውን የሚላላኩበት የስዊፍት መልእክት በቁጥር የተከፋፈለ ስለሆነ ማንበቡ ከሚያስፈራው ይቀላል። 59 የእናንተ ስም ነው። 31ዲ ኤልሲው የሚያበቃበት ቀንና ቦታ ነው፤ ቦታው ውጭ አገር ከሆነ ሰነዱ በዚያ ቀን እዚያ መድረስ አለበት፣ አዲስ አበባ ባንክ ማስገባታችሁ አይበቃም። 44ሲ የመጨረሻው የጭነት ቀን፣ 45ኤ የዕቃው መግለጫ፣ 46ኤ የሚፈለጉ ሰነዶች፣ 47ኤ ተጨማሪ ሁኔታዎች ናቸው። ወጥመዱ ብዙ ጊዜ 47ኤ ውስጥ ይደበቃል። ገዢው ፈርሞ የሚሰጠው ሰርተፊኬት ከተጠየቀ ክፍያችሁ በገዢው በጎ ፈቃድ ላይ ወደቀ ማለት ስለሆነ እንዲሰረዝ ጠይቁ።

አሁን ወደ ቃላቱ። «አባውት» ወይም «አፕሮክሲሜትሊ» ከብዛት፣ ከገንዘብ ወይም ከነጠላ ዋጋ ፊት ከተቀመጠ ያ ቁጥር ብቻ 10 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። ከብዛቱ ፊት ተቀምጦ ከገንዘቡ ፊት ካልተቀመጠ፣ ብዛቱን ብትጨምሩም ክፍያው አይጨምርም። «አባውት» በሌለበትም በክብደት ለተገለጸ ዕቃ 5 በመቶ ልዩነት ይፈቀዳል፤ የሚከፈለው ግን ከኤልሲው ገንዘብ አያልፍም። ይሁንና ብዛቱ «320 ባግስ» ተብሎ በጆንያ ቁጥር ከተጻፈ ይህ 5 በመቶ የለም። 318 ጆንያ የጫነ ሰው ሰነዱ ሊመለስበት ይችላል።

«ኦን ኦር አባውት 15 ጁን» ማለት ከ10 እስከ 20 ጁን፣ ሁለቱን ጫፎች ጨምሮ ነው። ለጭነት ጊዜ «ፍሮም»፣ «ቱ»፣ «አንቲል»፣ «ቢትዊን» የተጠቀሰውን ቀን ይጨምራሉ፤ «ቢፎር» እና «አፍተር» አይጨምሩም። የክፍያ ቀን ሲቆጠር ግን «ፍሮም» ቀኑን አይጨምርም። «60 ዴይስ ፍሮም ቢል ኦፍ ሌዲንግ ዴት» ከተባለና ቀኑ 1 ጁን ከሆነ ቆጠራው በ2 ጀምሮ ክፍያው 31 ጁላይ ላይ ይውላል። «ፈርስት ሃፍ» ከ1 እስከ 15 ነው። «ቢጊኒንግ» ከ1 እስከ 10፣ «ሚድል» ከ11 እስከ 20፣ «ኤንድ» ከ21 እስከ ወሩ ማብቂያ ነው። «ፕሮምፕት» እና «አዝ ሱን አዝ ፖሲብል» ባንኩ የማያያቸው ቃላት ስለሆኑ እነሱን ተማምናችሁ አትጫኑ።

ሌላ ካልተባለ ሰነዱ ከጭነት በኋላ ባሉት 21 ቀናት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ኤልሲው ቀድሞ የሚያበቃ ከሆነ ደግሞ ከዚያ በፊት። በ5 ማርች የተጫነ ቡና ሰነድ ከ26 ማርች አያልፍም። ባንኩ ለመመርመር እስከ አምስት የባንክ የሥራ ቀን አለው።

ኢንቮይስ ላይ የዕቃውን መግለጫ ከ45ኤ ፊደል በፊደል ገልብጡ። «ይርጋጨፌ» በእንግሊዝኛ በድርብ ኤፍም በአንድም፣ ተያይዞም ተለያይቶም ይጻፋል። ኤልሲው የጻፈበትን ያዙ፣ የተሻለውን እናውቃለን ብላችሁ አታርሙ። «ሲዳማ» እና «ሲዳሞ»፣ «ለቀምቲ» እና «ነቀምት»ም እንደዚሁ። ትርጉም የማይቀይር ተራ የፊደል ግድፈት በዓለም አቀፉ የባንኮች ልማድ ሰነድ አያስጥልም፤ የደረጃ ቁጥር፣ የኮንቴነር ቁጥር ወይም የድርጅት ስም ግድፈት ግን ያስጥላል። ስማችሁ ተሳስቶ ከመጣ ገና ሳትጭኑ «አሜንድመንት»፣ የኤልሲ ማሻሻያ፣ ጠይቁ።

አሜንድመንት ስትጠይቁ የሚዘነጋ ነገር አለ፦ የጭነት ቀኑ ብቻ ተራዝሞ የኤልሲው ማብቂያ ባለበት ይቀራል። ሁለቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠይቁ። «ፕሊዝ ኤክስቴንድ ሌተስት ሺፕመንት ዴት ቱ 20 ጁላይ ኤንድ ኤክስፓየሪ ዴት ቱ 10 ኦገስት።» ገዢው «አድርጌዋለሁ» ብሎ በኢሜይል ስለጻፈ አትጫኑ፤ ማሻሻያው በባንክ በኩል እስኪደርስ ጠብቁ።

ቀን፣ ሰዓት፣ ስም

የእኛ ሰኔ ከጁን ጋር አይገጥምም። ሰኔ 1 ጁን 8 ነው፣ ሰኔ 30 ደግሞ ጁላይ 7። የመጋዘን ኃላፊው «በሰኔ መጨረሻ ይጫናል» ሲል ኤልሲው እስከ 30 ጁን ከሆነ የቀራችሁ እስከ ሰኔ 23 ብቻ ነው። ቀን ስትጽፉ ወሩን በፊደል ጻፉ። «05/06» ለአሜሪካዊው ሜይ 6፣ ለጀርመናዊው ጁን 5 ነው። ሰዓትም እንደዚሁ፦ ከቀኑ 10 ሰዓት ለገዢው 4 ፒኤም ነው፤ በበጋቸው ለኒውዮርክ 9 ኤኤም፣ በክረምታቸው 8 ኤኤም ላይ ይውላል።

የውጭ አገር ሰው «ሚስተር» የሚባለው በቤተሰብ ስሙ ነው፤ እኛ «አቶ» የምንለው በራሱ በሰውየው ስም። የገዢውን የመጀመሪያ ስም ከሚስተር ጋር አታጣምሩ። የእኛን በሚመለከት ደግሞ ፓስፖርት፣ የንግድ ፈቃድ፣ የባንክ ሒሳብና ኮንትራት ላይ የእንግሊዝኛው ፊደል አንድ ይሁን። በኢትዮጵያ ፒኤልሲ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው፤ በብሪታንያ ግን አክሲዮኑ ለሕዝብ የሚሸጥ ኩባንያ ነው። የገዢው ባንክ ስለ ባለቤትነት ሲጠይቅ «ፕራይቬት ሊሚትድ ካምፓኒ» ብላችሁ ዘርዝራችሁ ጻፉ።

ኢሜይልና ስልክ

የአማርኛ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ምክንያቱን ዘርዝሮ «እንዲደረግልን እንጠይቃለን» የሚለውን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። የእንግሊዝኛው አንባቢ ጥያቄውን ከላይ ይፈልጋል፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ካላገኘው መልእክቱን ለነገ ያሳድረዋል። ርእሱ ላይ የኮንትራት ቁጥር፣ ጉዳይና ቀን ይግቡ፦ «ፒኤስኤስ ሴንት ቱዴይ፣ አፕሩቫል ኒድድ ባይ 14 ማርች»። አንድ ኢሜይል አንድ ጉዳይ ይያዝ። መዘግየት ስትነግሩ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ ምን እንደሆነ፣ አዲሱ ቀን፣ ከገዢው የምትፈልጉት። «ዊ ዊል ትራይ አወር ቤስት» የሚለው ቀን ስለሌለው ገዢውን ከመዘግየቱ በላይ ያናድደዋል።

የባንክ ሒሳብ ተቀይሯል የሚል ኢሜይል ከመጣ፣ እንግሊዝኛው የቱንም ያህል የገዢውን ቢመስል፣ ቀድሞ በምታውቁት ስልክ ደውላችሁ አረጋግጡ። ኢሜይሉ ላይ በተጻፈው ቁጥር አትደውሉ። የትርጉም መተግበሪያ ኢሜይል ለማለስለስ ይጠቅማል፤ የውልና የኤልሲ ቃል ላይ ግን «ሻል»ን «ዊል» ሊያደርግ ስለሚችል እንዲነካው አትፍቀዱ።

ስልክ ላይ ትልቁ ወጥመድ በአሉታ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። «ሃቭንት ዩ ሺፕድ?» ሲባል በአማርኛ ልማድ «አዎ፣ አልጫንንም» እንላለን። በእንግሊዝኛ «የስ» ካላችሁ ጭነናል ማለት ነው። የስና ኖን ትታችሁ ሙሉ ዐረፍተ ነገር መልሱ፦ «ዊ ሃቭ ኖት ሺፕድ የት።» «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ» በስልክ ስለሚመሳሰሉ «ዋን ፋይቭ»፣ «ፋይቭ ዚሮ» በሉ። የኮንቴነር ቁጥር አራት ፊደልና ሰባት አሃዝ ነው፤ ፊደሎቹን «ብራቮ»፣ «ፓፓ»፣ «ማይክ»፣ «ኖቬምበር» እያላችሁ ተናገሩ። ከጥሪው በኋላ የተባባላችሁትን በአምስት መስመር ጽፋችሁ «ፕሊዝ ኮሬክት አስ ኢፍ ዊ ሚስአንደርስቱድ» ብላችሁ ላኩ።

ቅሬታ ሲመጣ

ገዢው ክብደት ጎደለ ወይም ጥራቱ ወረደ ብሎ ሲጽፍ በመጀመሪያው መልስ «ሶሪ ፎር አወር ሚስቴክ» አትበሉ፤ ጥፋቱን አምናችሁ ፈርማችኋል። «ዊ አር ሶሪ ቱ ሂር ዚስ» ኀዘኔታ ነው፣ አያስጠይቅም። ቀጥሎ ማስረጃ ጠይቁ፦ የሚዛን ሪፖርት፣ የኮንቴነሩ ማሸጊያ ቁጥር፣ ፎቶግራፍ፣ ገለልተኛ የቅምሻ ውጤት። እናንተ ዘንድ የቀረውን የፒኤስኤስ ግማሽ አውጥታችሁ አስቀምሱ፤ ከእያንዳንዱ ጭነት ናሙና የሚቀመጠው ለዚህ ነው። ገንዘብ በመመለስ ለመጨረስ ከወሰናችሁ ሐሳቡን «ዊዛውት ፕሬጁዲስ» በሚል ርእስ ጻፉት። በእንግሊዝ ሕግ ለዕርቅ የቀረበ ሐሳብ በኋላ በክርክር ጊዜ እንደ እምነት ቃል እንዳይቀርብባችሁ ይጠብቃችኋል። ስምምነት ላይ ከደረሳችሁ ደግሞ «ኢን ፉል ኤንድ ፋይናል ሴትልመንት» የሚለው ሐረግ ክፍያው በሚጠቀስበት ዐረፍተ ነገር ውስጥ ይግባ፤ ካልገባ ገዢው ገንዘቡን ተቀብሎ ለቀረው ልዩነት እንደገና ሊጠይቃችሁ ይችላል።